ቲ ባጉ ነው ወይስ ውሃው? ሻይ ውስጥ ስላሉ ኬሚካሎች

የባቱ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ቪዲዮ አይታችሁታል? አንድ ሰውዬ ቲ ባግ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክርና "ቢሊዮን ፕላስቲክ ጠጣችሁ" ይላል። ቀጥሎ ፀረ ተባይ፣ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት)፣ ፍሎራይድ፣ ምኑ ቅጡ። እናቴ አይታው "ከእንግዲህ ሻይ ቤቴ አይገባም" አለች። እሷ ደግሞ ጠዋት ሻይ ካላገኘች ራሷን የሚያማት ሰው ናት።

የምንኖረው ባቱ ነው፣ ድሮ ዝዋይ የሚባለው። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ አፍልታ ቀኑን ሙሉ ስትጠጣ ነው የምትውለው። በቅርቡ ደግሞ "ወገቤንና አንገቴን ይይዘኛል" ማለት ጀምራለች። ቪዲዮው እውነት አለው? ሻይ ይቁም ወይስ ዝም ብዬ ላረጋጋት?

ጠርጣራው
ሻይ የሚገድል ቢሆን ኖሮ አገሩ ባዶ ይሆን ነበር 😂 ትናንት ቲማቲም መርዝ ነው አሉ፣ ዛሬ ሻይ፣ ነገ ውሃ ይሉናል። ለእማማ ሻያቸውን አፍላላቸው።

ኬሚስትሪ መምህር
ጠርጣራው፣ "ነገ ውሃ ይሉናል" ያልከው ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ቪዲዮው። ቁጥሩን ሰውዬው ከኪሱ አላወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የፕላስቲክ ቲ ባግ 95 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ሲነከር 11.6 ቢሊዮን ያህል ማይክሮፕላስቲክ (ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት) እና 3.1 ቢሊዮን ናኖፕላስቲክ (ከዚያም ያነሰ) ይለቃል ብለው ጽፈዋል። ግን የፈተሹት ያን ሐር የሚመስለውን፣ ከናይለንና ከፔት (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) የሚሠራውን ውድ ከረጢት ነው። እዚህ ሱቅ የምናገኘው አብዛኛው የወረቀት ነው። በኋላ ደግሞ የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ምዘና ተቋም ባለሙያዎች ቁጥሩን ተከራክረውታል። ቅንጣት ተብለው የተቆጠሩት ብዙዎቹ ከፕላስቲኩ ሟሙተው ወጥተው፣ ውሃው ሲደርቅ የረጉ አጫጭር ሞለኪውሎች ሊሆኑ ይችላሉ ነው የሚሉት።

ወረቀቱም ንጹሕ ወረቀት ብቻ አይደለም። በሙቀት እንዲጣበቅ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ይገባበታል። ያሳሰበው ሰው ልቅ ሻይ ቅጠል ገዝቶ በማጥለያ ያጥልል። ከዚያ በላይ ቲ ባግ ላይ ጊዜ ማጥፋት አይገባኝም።

የባቱ ልጅ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የምትጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ (ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባው፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው) ተለክቶ ያውቃል?

የባቱ ልጅ
እኔ እስከማውቀው አልተለካም መምህር። ጥርሳችን ግን ይናገራል። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ጥርሱ የበለዘ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት
መምህር ፍሎራይዱን እስኪያስረዳን እኔ ስለ ቀረፋው ልጠይቅ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለሕፃናት የሚሸጥ የፖም ገንፎ (ከረጢት ውስጥ የሚመጣው) ብዙ ልጆችን በእርሳስ በክሎ ነበር። ምንጩ ሲጣራ የተፈጨ ቀረፋ ሆኖ ተገኘ። የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2024 ደግሞ ሱቅ ላይ ያሉ የተፈጨ ቀረፋዎችን እየመረመረ "ይህን ይህን አትግዙ" የሚል ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ አወጣ። እኛ ሰፈር ካሉ የሐበሻ ሱቆች የምንገዛው የሻይ ቅመም ግማሹ የተፈጨ ነው። ምን ይሻላል?

ኬሚስትሪ መምህር
ጥሩ አነሳሽው። በፖም ገንፎው ጉዳይ የተጠረጠረው ሊድ ክሮሜት ነው። ቢጫና ቀይ የሚያደምቅ ቀለም ነው፤ እርሳስም ክሮሚየምም አለበት። ቅመም ላይ ሲጨመር መልኩን ያሳምራል፣ ክብደቱንም ይጨምራል። እንዲህ ያለ ማጭበርበር የሚመቸው ዱቄት ላይ ነው።

ስለዚህ ቀረፋውን በእንጨቱ ግዙ። ቅርንፉድና ሄልም እንዳለ ይገዛ፣ ቤት ይወቀጥ። ከአፈሩ የሚመጣ ጥቂት እርሳስ እንጨቱም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ቀለም ግን ማንም አይቀላቅልበትም። ልጅና እርጉዝ ሴት ያለበት ቤት ይህን ነገር ችላ አይበል፤ እርሳስ ለልጅ አእምሮ "ይህን ያህል ችግር የለውም" የሚባል መጠን የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ወፍራሙ ቀረፋ ካሲያ የሚባለው ነው። እሱ በተፈጥሮው ኩማሪን አለው፣ ብዙ ሲወሰድ ጉበት ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም ብሎ ወስኖታል። ስባሪ ቀረፋ ሻይ ውስጥ ጣል ማድረግ አያስፈራም። በማንኪያ እየዛቁ "ለስኳር በሽታ ይጠቅመኛል" የሚሉትን ግን እፈራላቸዋለሁ።

ጎሬ ሻይ ቅጠል
እኔ ኢሉባቦር የሻይ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቪዲዮው ያላነሳውን ላንሳ።

ሻይ ሲለቀም ሁለት ቅጠልና አንድ ቡቃያ ነው። ከዚያ ይጠወልጋል፣ ይቆረጣል፣ ይብላላል፣ በመጨረሻ በሙቅ አየር ይደርቃል። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ቦታ ከባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ጭሱ በቱቦ ወጥቶ መሄድ አለበት፣ ቅጠሉን መንካት ያለበት ንጹሑ ሙቅ አየር ብቻ ነው። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ብረት ከተሰነጠቀ ግን ጭሱ ወደ ሻዩ ይገባል። እዚህ ላይ ነው አንትራኩዊኖን የሚባለው የሚመጣው። አውሮፓ በኪሎ ሻይ ከ0.02 ሚሊግራም በላይ አልቀበልም ይላል። እጅግ ጠባብ ልክ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም "ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ምድጃውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

ሻይ የሚወደው አሲዳማ አፈር ነው፣ የኛ ደቡብ ምዕራብ እንደዚያ ነው። እንዲህ ካለ አፈር ተክሉ አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ይስባል፣ ቅጠሉ ላይም ያከማቻል። ቡቃያው ትንሽ ነው ያለው። ቅጠሉ ባረጀ ቁጥር ይጨምራል። ቲቤቶች የሚጠጡት እንደ ጡብ የተጠፈጠፈ ሻይ ከአሮጌ ቅጠል ነው የሚሠራው፣ እዚያ በሻይ ብቻ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ።

ጠርጣራው
እሺ ስለ ፀረ ተባዩስ? ጫት ላይ ዲዲቲ ይረጫል እየተባለ ስንሰማ ነው ያደግነው። ሻይ ላይ የማይረጭበት ምክንያት አለ?

ጎሬ ሻይ ቅጠል
በእኔ ጊዜ ትልቁ ጣጣ ተባይ አልነበረም፣ አረም ነው። ሌላ አገር ግን ብዙ ይረጫል፣ ሕንድና ቻይና ላይ ይህ ያደባባይ ጉዳይ ነው። ሻይ ታጥቦ አይሸጥም። እርሻ ላይ የተረጨው እንደደረቀ ቤትህ ይገባል።

ኬሚስትሪ መምህር
ጠርጣራው፣ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ቅጠሉ ላይ ያለው ስንቱ ወደ ብርጭቆው ይወርዳል ነው። ዲዲቲ ስብ እንጂ ውሃ አይወድም። አብዛኛው ከተጣለው ቅጠል ጋር ይቀራል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድና አሴታሚፕሪድ ያሉት አዳዲሶቹ ግን በውሃ ይሟሟሉ፣ ስለዚህ ብዙው ሻዩ ውስጥ ይገባል። ስማቸው የገነነው ድሮዎቹ ናቸው፣ ሻይ ጠጪን የሚመለከቱት ግን እነዚህ ናቸው። የጭሱም ነገር እንደዚሁ ነው። በጥድ ጭስ የሚደርቅ የቻይና ሻይ አለ፣ ከጭሱ የሚመጡት ካንሰር አምጪ ቅባታማ ኬሚካሎች ቅጠሉ ላይ ብዙ ይገኛሉ፣ ውሃው ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ "ሻይ ቅጠል ውስጥ ይህን ያህል ተገኘ" የሚል ዜና ስታዩ ደረቁን ቅጠል ነው ወይስ የተፈላውን ሻይ የለኩት ብላችሁ ጠይቁ። ዜናው ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም።

ጦስኝ ወዳድ
እኔ ከሻይ ቅጠል ወጥቼ ጦስኝ ብቻ ነው የምጠጣው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነፃ ነኝ አይደል?

ኬሚስትሪ መምህር
ጦስኝ መልካም ነው፣ "ተፈጥሯዊ" የሚለው ግን ዋስትና አይሆንም። ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ መርዞች አሉ፣ ማንም አልረጫቸውም፣ አረም ራሱ ነው የሚሠራቸው። አረሙ አብሮ ከታጨደ ሻይም ጦስኝም ውስጥ ይገባል። የሚያጠቁት ጉበትን ነው። አውሮፓ ከ2022 ጀምሮ ለሻይ ቅጠል በኪሎ 150 ማይክሮግራም የሚል ጣሪያ አስቀምጧል፣ ለዕፅዋት ሻዮችም የራሳቸው ልክ አላቸው።

ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት በሽታ ይሞቱ ነበር። ለዓመታት "ያልታወቀ የጉበት በሽታ" ሲባል ቆየ። ሲመረመር አጌራተም የሚባል አረም ዘሩ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ይበላ ነበር። ሰዎቹ የበሉት ከገዛ ማሳቸው ነው።

ጦስኝህን ግን አትተው። ደህና አድርገህ ልቀም፣ ባዕድ ቅጠል ካየህ አውጣ።

ከሻርጃ
እህት ወንድሞቼ፣ እኔ የምሠራበት ቤት ሻይ ከረክ (በወተት የሚፈላው) ቀኑን ሙሉ ይፈላል። ውጭ ስንወጣ ደግሞ በስስ ነጭ የፎም ኩባያ ነው የሚሸጡልን፣ አንዳንዱ በፌስታል ቋጥሮ ይሰጣል። ፌስታሉ እንደ ላስቲክ ይሸታል። ይህስ?

ኬሚስትሪ መምህር
እህቴ፣ ከተጠየቀው ሁሉ በቀላሉ የሚተወው ይህ ነው። ፎሙ ፖሊስቲሪን ነው፣ ትኩስ ነገር ሲገባበት ስታይሪን ይለቃል። ያው የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ስታይሪንን "ካንሰር ያመጣል ተብሎ በእጅጉ የሚጠረጠር" ብሎታል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ግን ለምን ተብሎ? አንድ የብረት ወይም የብርጭቆ ኩባያ ቦርሳ ውስጥ ያዢ። ፌስታል ውስጥ የፈላ ሻይ በጭራሽ።

ሲቃጠልም አትጠጪው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውም መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመድቧል። ሰሜን ኢራን ጎለስታን ላይ በሻይ ጠጪዎች የታየ ነገር ነው። እዚያ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፣ ኬሚካል አያስፈልገውም።

ምናለሽ ተራ
ዕቃውን ረሳችሁት። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ቀልጦ የሚሠራው ማንቆርቆሪያና ድስትስ? የሞተር አካል፣ የድሮ ራዲያተር፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚቀልጠው። እኔ ስሸጥ ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ኬሚስትሪ መምህር
ትክክል ነህ። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድስቶች ተፈትሸው እርሳስ እንደሚለቁ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፣ ኋላም በሌሎች አገሮች ተደግሟል። በተለይ ጎምዛዛ ነገር ሲፈላባቸው። ሻይ በሎሚ የሚወድ ሰው ሎሚውን ብርጭቆ ላይ ይጭመቅ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አያፍላ። አቅም ካለ ደግሞ አይዝጌ ብረት።

በነገራችን ላይ ስለ እርሳስ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2025 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሻይ ቅጠል ሲፈላ ውሃው ውስጥ ከነበረው እርሳስ 15 በመቶ ያህሉን ራሱ ላይ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ቅጠሉ ሲጣል እርሳሱም አብሮ ይጣላል።

የወንጂ ጡረተኛ
ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። የባቱው ልጅ ስለ እናቱ ወገብና አንገት ሲያነሳ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው ጉልበቴን የጨረስኩት። ፋብሪካውን ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲያቆሙት ለሠራተኛው ጉድጓድ ቆፈሩ። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ልጆቻችን ጥርሳቸው በለዘ። ያ ቀላሉ ነበር። ቆይቶ ነባር ሠራተኞች አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው፣ ሲጠሩ በሙሉ ገላቸው ነው የሚዞሩት። ጎብጠው የቀሩ፣ እግራቸው የሰነፈ አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የሚባሉ የነርቭ ሐኪም ናቸው መጥተው ያጠኑን፣ አጥንቱ አድጎ የጀርባ ነርቭን ይጫናል ብለው የጻፉት። እናትህን ሻይ ከልክለህ ያንኑ ውሃ ቀድተህ ብትሰጣቸው ምን ረባ?

ኬሚስትሪ መምህር
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልል የነበረውን ነው ያሉት።

አሁን ሒሳቡን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ምንጩ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው፣ ፋብሪካ አልበከለውም። ሻይስ? እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ርካሽ ጥቁር ሻዮች ተለክተው በአማካይ በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማ ተገኝቶባቸዋል። ይህም ትንሽ አይደለም። በዚያው ዓመት አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች የዲትሮይት ሴት አለች፣ 47 ዓመቷ ነው። ለ17 ዓመት በየቀኑ ከ100 እስከ 150 ቲ ባግ አንድ ጆግ ውስጥ ዘፍዝፋ ትጠጣ ነበር። አጥንቷ ተጎዳ። በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ትወስድ እንደነበር ተገምቷል። አሜሪካ ለአዋቂ ያስቀመጠችው ጣሪያ 10 ነው።

እንደዚያች ሴት የሚጠጣ ሰው አላውቅም። ንጹሕ ውሃ ያለው ሰው በቀን ጥቂት ብርጭቆ ቢጠጣ አልጨነቅለትም። ባቱ ግን ሌላ ነው። የሻዩና የውሃው ደግሞ ዝም ብሎ አይደመርም። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ፍሎራይዱ ትንሽ በሆነ ውሃ ውስጥ ሻይ ቅጠል ፍሎራይድ ይለቃል፣ በጣም ብዙ በሆነበት ውሃ ውስጥ ግን መልሶ ሊመጥ ይችላል። ስለዚህ የውሃው ፍሎራይድ በጣም ብዙ በሆነበት ሰፈር ሻይ ማቆም ምንም ላይቀይር ይችላል። ያው ውሃ ወጡ ውስጥ አለ፣ ቡናው ውስጥ አለ፣ ሊጡ የተቦካው በሱ ነው።

የባቱ ልጅ
ታዲያ እያፈላን አይደል የምንጠጣው? ውሃ አጋርም እንጨምራለን።

ኬሚስትሪ መምህር
ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፣ እሱም አይነካውም። የጨርቅና የሸክላ ማጣሪያም እንደዚሁ። የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፦ ገቢር አሉሚና (ፍሎራይድ የሚይዝ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጠጠር)፣ የአጥንት ከሰል፣ አሉምና ኖራ ቀላቅሎ ማዝቀጥ፣ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማሽን (ውሃን በስስ ሽፋን እየገፋ የሚያጣራ)። የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ ከቁጥር አይገባም፣ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጹሕ በርሜል የሚያጠራቅም ሰው ለመጠጡና ለሻዩ ይበቃዋል። መጀመሪያ የወረደውን ግን ይድፋው።

ጠርጣራው
የአጥንት ከሰል?? የበሬ አጥንት? በጾም?

የወንጂ ጡረተኛ
ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። ክርስቲያኑ ጾሙን ይላል፣ ሙስሊሙ የማን እርድ ነው ይላል። እኛ ጋ ስንቱን አከራክሯል። ከሰል ከሆነ በኋላ ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም፣ እኔ እጠጣለሁ። ያልፈለገ አሉሚናውን ይጠቀም።

የባቱ ልጅ
እሺ። እናቴን ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። ውሃውን የት ነው የማስለካው?

ኬሚስትሪ መምህር
ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ "የምንጠጣው የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ነው" ብላችሁ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ወገብ በሌላ በብዙ ምክንያትም ያማል፣ ራጅ ሳይነሱ በፍሎራይድ ነው አትበሉ።

ለውሃው የወረዳችሁን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ እነሱ ወደ ላቦራቶሪ ይመሩሃል። ናሙናውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዝ፣ በብርጭቆ ጠርሙስ አይሁን፣ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር አይስማማም። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ደጋግመህ አለቅልቅ፣ ሞልተህ ክደን፣ ቀንና የጉድጓዱን ስም ጻፍበት። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ውጤቱን አትጠብቅ። ጥርስ የሚበልዘው እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ልጁ ከወዲሁ የዝናብ ውሃ ወይም ሀይላንድ ይጠጣ።

የባቱ ልጅ
የእህቴ ልጅ አለች፣ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። የሀይላንድ ጠርሙስ ለናሙናው ይሆናል?

ኬሚስትሪ መምህር
ይሆናል። የዘይት ወይም የለስላሳ የነበረ ግን አይሁን። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን እዚሁ ጻፈው፣ ከዚያ የትኛው ማጣሪያ እንደሚያዋጣ እናያለን።

ጠርጣራው
እኔም አዳሚ ቱሉ ዘመድ አለኝ፣ የነሱንም አብሬ ላስለካ ነው። ወረዳው ያስከፍላል?